የጓሳ ቄሮ፤ በመንዝ ሣርን፥ አውሬንና ሰውን ያስተሳሰረ ሕግ

ከጣርማ በር ተነሥቶ ወደ መሐል ሜዳ የሚጓዝ ሰው የገብስ እርሻና የድንጋይ ካብ ሲያይ ይቆይና እርሻው በድንገት ሲያበቃ ይመለከታል። ከዚያ ወዲያ ቤት የለም፤ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰውም አይታይም። የሚታየው ነፋስ የሚያስተኛውና የሚያነሣው ረጅም ሣር፥ አልፎ አልፎም ብቻውን የቆመ ጅብራ ነው። ይህ አገር ጓሳ ይባላል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር፥ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በምሥራቅ በኩል መሬቱ ገደል ሆኖ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ በምዕራብ በኩል ግን ቀስ እያለ ወደ መንዝ ደጋ ያዘቀዝቃል። ከዚሁ ከሚመነጩት ወንዞች ከፊሎቹ ወደ አዋሽ፥ ከፊሎቹ ወደ ዓባይ ይሄዳሉ።

የመንዝ ገበሬ መሬት ጠቦት ድንጋያማውን ተዳፋት ሳይቀር የሚያርስ ሰው ነው። እንግዲያውስ ይህን የሚያህል ሜዳ ለምን ሳያርሰው ተወው? ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሁለት መልስ ይሰጣል። አንዱ ብርዱ ነው የሚል ነው። በጓሳ ውርጭ መጣሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ገብሱ እስከ ጓሳ ድንበር ድረስ ይዘራል፤ ድንበሩም በብዙ ቦታ ውርጩ የሚጀምርበት ሳይሆን ሰው «እዚህ ላይ ይብቃ» ያለበት ነው። ሁለተኛው መልስ ሕዝቡ የዱር አራዊትን ስለሚወድ ነው የሚል ሲሆን፥ ይህን የሚናገሩት አብዛኛውን ጊዜ ጓሳን በመኪና መስኮት ያዩ ሰዎች ናቸው። እኔ ባደግሁበት ቤት ስለ ቀይ ቀበሮ ፍቅር ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ጓሳ ሣር ግን ሳይወራ የዋለበት ቀን የለም።

ጓሳ የቦታው ስም ብቻ ሳይሆን የሣሩም ስም ነው፤ የዕፀዋት ሊቃውንት ፌስቱካ ማክሮፊላ ይሉታል። ቅጠሉ ረጅም፥ ቀጭንና ጠንካራ ሲሆን፥ ሥሩ አንድ ላይ ተቋጥሮ ጉብታ ጉብታ እየሆነ ይበቅላል። የመንዝ ቤት ክዳን እሱ ነበር፤ በጥንቃቄ የተከደነ የጓሳ ጣራ ከሌላ ሣር ክዳን ይልቅ ብዙ ዘመን ይቆያል። ገመድ ይገመድበታል፤ ጅራፍ ይሠራበታል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን እረኛው በክረምት የሚደርበው ጌሳ ከእሱ ይሠራል። ጌሳ ለማያውቁት ሰዎች ከሣር የተታታ ካባ ነው ቢባል ይበቃል፤ ዝናሙ በሣሩ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል እንጂ ወደ ገላ አይዘልቅም። አያቴ ጌሳቸውን ከምድጃው በላይ ይሰቅሉት ነበር፤ ጭስ የጠጣ ጌሳ አያረጅም ይሉ ነበር። ዛሬ እረኛው ላስቲክ ይለብሳል፥ ቤቱም ቆርቆሮ እየሆነ ነው፤ ይህ ለውጥ ለጓሳ ዕረፍት ይሁን አደጋ እንመለስበታለን።

ሣሩ ይህን ሁሉ ጥቅም ቢሰጥም ቶሎ አያድግም። በዚያ ከፍታ ሌሊቱ ስለሚበርድ፥ አንድ ጊዜ የታጨደ ጓሳ ለክዳን የሚበቃ ርዝመት እስኪያገኝ ዓመታት ያስፈልጉታል። ለጋውን እየደጋገሙ ቢያጭዱት ወይም ከብት ቢረግጠው ጉብታው ይሳሳል፤ በቦታውም ለክዳን የማይሆን አጭር ሣር ይተካል። ስለዚህ ሣሩን የሚፈልግ ሰው መታገሥ አለበት። ነገር ግን ጎረቤቱ የማይታገሥ ከሆነ እሱ ብቻውን መታገሡ ሞኝነት ይሆናል።

አሜሪካዊው ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት የታወቀ ጽሑፍ የወል ግጦሽ መጨረሻው ጥፋት ነው ብለው የተከራከሩት ይህንኑ ችግር ይዘው ነው። በየትምህርት ክፍሉም ጽሑፉ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ሲጠቀስ እንሰማለን። ሃርዲን በሐሳባቸው የሣሉት መስክ ግን ለመጣ ሁሉ ክፍት የሆነ፥ ከልካይም ደንብም የሌለው መስክ ነበር። ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ የወል የሆነ ነገር ሁሉ ከልካይ የሌለው እንዳልሆነ ከብዙ አገር ምሳሌ አቅርበው አሳይተዋል። የመንዝ ሰው ሁለቱንም ሳያነብ ይህን ልዩነት ያውቅ ነበር፤ ጓሳ የወል ነበረ እንጂ የማንም አልነበረም።

በሽማግሌዎች አፍ እንደሚነገረው የጓሳን ሕግ የሠሩት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ናቸው፤ ዘመኑም 17ኛው መቶ ዓመት እንደ ሆነ ይገመታል። ሁለቱ አባቶች ጓሳን ሲካፈሉ ነገሩ በፈረስ ግልቢያ እንደ ተወሰነ ይተረካል። ከዚያ በኋላ በጓሳ የመጠቀም መብት የአስቦና የጌራ ተወላጆች አጽመ ርስት ሆነ። አጽመ ርስት ማለት በዘር የሚወረድ መብት ነው፤ በአባትም በእናትም በኩል ትውልዱን ከአቅኚው አባት አድርሶ መቁጠር የቻለ ሰው ድርሻ አለው። በጓሳ ውስጥ ግን ድርሻ ማለት ተለክቶ የተሰጠ መሬት ማለት አልነበረም፤ በወቅቱ ገብቶ የማጨድና ከብት የማሰማራት መብት ብቻ ነበር። ይህ ሥርዓት ቄሮ ይባላል። (በኦሮምኛ ወጣት ማለት የሆነውና በቅርብ ዓመታት በሁሉም ዘንድ የታወቀው ቃል በድምፅ ቢመስለውም ሌላ ነው።)

የቄሮ አሠራር እንዲህ ነበር። ከአስቦ ወገን አንድ፥ ከጌራ ወገን አንድ አለቃ ይመረጣል፤ አለቃውም አባ ቄራ ይባላል። ጓሳ ከተዘጋ ማጭድም፥ መጥረቢያም፥ ከብትም አይገባበትም። የመዝጊያው ቀን ሐምሌ 5፥ የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት ዕለት ነበር። አንድ ጊዜ የተዘጋው ጓሳ ሦስት ዓመት፥ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቆያል። ስንት ዓመት እንደሚቆይ አስቀድሞ የተጻፈ ቍጥር አልነበረም፤ አባ ቄራዎቹ የሣሩን ቁመትና የሕዝቡን ችግር አይተው ከሽማግሌዎች ጋር ይመክራሉ። ዝናም በቀረበት ዓመት ሌላው መስክ ሁሉ ሲደርቅ ጓሳ ያለበት ሰው ከብቱን ያተርፋል። ስለዚህ ጓሳ የመንዝ ሰው ጎተራ ነበር ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ እህል ሳይሆን ሣር የተከተተበት መሆኑ ነው።

መከፈቻው ሲደርስ ቀኑ በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ይነገራል። በዚያ ቀን ባለ መብቱ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። በመጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከብቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዝናሙ ሲቃረብም ይወጣል። ሁሉም በአንድ ቀን መጀመሩ ለእኔ ከሕጉ ሁሉ የበለጠ ብልሃት ሆኖ ይታየኛል። ማንም ማንንም አይቀድምም፤ ደግሞም እያንዳንዱ አጫጅ ለሌላው ምስክር ነው፤ ባዕድ ሰው ቢገባ ወይም አንዱ ከደንቡ አልፎ ቢያጭድ መቶ ዓይን ያየዋል። ጓሳው በተዘጋበት ጊዜ ደግሞ ጥበቃው የአባ ቄራ ብቻ አልነበረም። ጠሪ ሲመጣ ጕልበት ያለው አባወራ ሁሉ ወጥቶ ዙሪያውን መቃኘት ግዴታው ነበር፤ የቀረም ይቀጣል። ሕጉን ጥሶ ሌሊት ያጨደ ሰው የሚጠብቀው ቅጣት ከባድ ነበር። ነገሩ በቤተ ክርስቲያን ስለ ታወጀም ጥፋቱ የሰውን ሕግ መጣስ ብቻ መስሎ አይታይም ነበር።

አንባቢ እንደሚያስተውለው እስካሁን በተነገረው ሕግ ውስጥ ስለ ቀበሮም ሆነ ስለ ጭላዳ አንድም ቃል የለም። ሆኖም የአራዊቱ ነገር የተያያዘው ከዚሁ ከሣሩ ሕግ ጋር ነው።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም። በዓለም ላይ ያሉት ትልልቆቹ ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ በባሌ ሲሆኑ የቀሩት በአርሲ፥ በወሎ፥ በሰሜን ተራሮችና በጓሳ ተበታትነው ይኖራሉ። በጓሳ ያሉት ጥቂት አሥሮች ናቸው። ይህ አውሬ በመንጋ ቢኖርም አደኑን የሚያድነው ብቻውንና በቀን ነው፤ ምግቡም አይጥና ፍልፈል ነው። አይጥና ፍልፈል ደግሞ የሚበዙት መሬቱ ያልተረገጠበት፥ መደበቂያ ሣርም ያለበት ቦታ ነው። የጓሳ ጉብታ ሥሩ አፈሩን ይይዛል፥ እርጥበቱንም ያቆያል፤ ከጉብታ ወደ ጉብታ ያለው መተላለፊያም የአይጥ መንገድ ነው። መሬቱ ቢታረስ ወይም ዓመቱን ሙሉ ከብት ቢመላለስበት ይህ ሁሉ ይፈርሳል፤ ቀበሮውም ይራባል። እንግዲህ አባ ቄራ ሣሩን ለክዳን ብሎ ሲዘጋ፥ ሳያስበው ለአይጡ ቤት፥ ለቀበሮውም ማዕድ ይሠራ ነበር።

ጭላዳ ደግሞ ሣር በል ዝንጀሮ ነው። ሌሊቱን በምሥራቁ ገደል ላይ ያድራል፤ ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ወጥቶ ተቀምጦ በሁለት እጁ ሣር ሲነጭ ይውላል። አንዳንድ ጊዜ የአንድ መንጋ ቍጥር በመቶ ይቆጠራል። በጓሳ የሚኖር ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚያየው፥ ነገር ግን ከቁም ነገር የማይቆጥረው አንድ ነገር አለ። ይኸውም ቀይ ቀበሮ በጭላዳው መንጋ መካከል ሲመላለስ ጭላዳው አይሸሽም፥ ቀበሮውም የጭላዳውን ግልገል አይነካም። በዚህ ቦታ ጭላዳን ለረጅም ጊዜ የተከታተሉት ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፥ ቀበሮው በጭላዳ መካከል ሆኖ ሲያድን ከመቶ 67፥ ብቻውን ሲያድን ግን ከመቶ 25 ጊዜ እንደሚሳካለት ገልጸዋል። ምናልባት የጭላዳው እንቅስቃሴ አይጡን ከጉድጓዱ ያስወጣው ይሆናል፤ ወይም አይጡ በብዙ እግር መካከል የአንዱን ቀበሮ እግር ሳይለይ ይቀር ይሆናል። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው። ቀበሮውና ጭላዳው እንዲህ ተላምደው የሚውሉት ሁለቱም ሳይሳደዱ በኖሩበት ሰፊ መስክ ላይ ነው፤ መስኩ ተቆራርሶ እርሻ ቢሆን ኖሮ ይህን የሚያይ አጥኚም አይኖርም ነበር።

ይህ ሲባል የአካባቢው ሰውና አውሬው በሰላም ብቻ ይኖራሉ ማለት አይደለም። ጭላዳ ከጓሳ ድንበር ያለውን የገብስ እርሻ ይገባበታል፤ ልጆች ትምህርት ቤት ቀርተው የሚጠብቁበት ጊዜ አለ። ቀይ ቀበሮም አልፎ አልፎ የበግ ግልገል ይነጥቃል። ገበሬው ይህን የሚታገሠው አውሬው ቅዱስ ሆኖ አይደለም፤ አውሬው ያለበት መስክ ለራሱም የሚያስፈልገው ስለ ሆነ ነው።

ስለ ቄሮ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ሲደርሱ ማመስገን ያበዛሉ። እኔ ግን አንድ ነገር መዝለል ትክክል አይመስለኝም። ቄሮ የቆመው በመከልከል ነው። ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልሆነ ሰው፥ በተለይም ከገደሉ በታች ያለው የቆላ ሰው፥ ጓሳን ከሩቅ ያየዋል እንጂ አያጭድበትም። ሴቶችም ቢሆኑ መብቱን በእናት በኩል ቢያስተላልፉም አባ ቄራ ሲመረጥና ምክር ሲመከር ድምፅ አልነበራቸውም። ሕጉ ሣሩን ያዳነው መብቱ የጥቂቶች ስለ ነበረ ነው። ይህን ያልተናገረ ሰው በ1967 ዓ.ም. የሆነውን ሊያስረዳ አይችልም።

በ1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ አጽመ ርስት ቀረ፤ የአባ ቄራም ሥልጣን ከርስቱ ጋር ወደቀ። ለዘመናት ተከልክለው የኖሩ ሰዎች ወደ ጓሳ ሲገቡ መብታቸውን ማግኘታቸው ነበር፤ ይህንንም ማንም ፍርድ የሚያውቅ ሰው አይነቅፍባቸውም። ነገር ግን አዋጁ የሚገባውን ሰው ሲያበዛ፥ መቼ እንደሚገባ የሚናገር ሌላ ሰው አልሾመም። ሣሩ ሳይደርስ ታጨደ፤ ቁጥቋጦው ለማገዶ ተቆረጠ፤ በዳርና ዳርም ማረሻ ገባ። ጓሳ የሃርዲንን መስክ የመሰለው በዚህ ጊዜ ነው፤ የመሰለውም የወል ስለ ነበረ ሳይሆን የወልነቱ ሕግ ስለ ተነሣ ነው።

ዘለዓለም ተፈራ እ.ኤ.አ. በ2001 በኬንት ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ ይህን ታሪክ ከቀይ ቀበሮው ኑሮ ጋር አያይዘው መርምረውታል። ከጽሑፋቸው የምንረዳው ዋና ነገር ሕዝቡ እጁን አጣጥፎ አለመቀመጡን ነው። የቀድሞው ዘር ቆጠራ ባይመለስም የገበሬ ማኅበራቱ ተሰብስበው በአዲስ መልክ የመዝጋትና የመክፈት ደንብ አወጡ፤ ጠባቂም መደቡ። ኋላም በየቀበሌው ተመራጮች የሚመራ የጓሳ ጥበቃ አካል ተቋቋመ፤ የክልሉም መንግሥት ቦታውን በኅብረተሰብ የሚጠበቅ ብሎ በደንብ አወቀው። ለጎብኚዎችም ማረፊያ ቤት ተሠራ። የዛሬው ባለ መብት የሚታወቀው በዘሩ ሳይሆን በሚኖርበት ቀበሌ ነው። የቆላው ሰው ጥያቄ በዚህ ሙሉ በሙሉ ተመልሷል ለማለት አልደፍርም፤ ድንበር ባለበት ሁሉ ከድንበሩ ወዲያ የሚቀር ሰው አለና።

በዚህ ላይ የሰሜን ተራሮችን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተከለለ፤ ዋልያን ለማዳን መሆኑም መልካም ነበር። ድንበሩ ግን የተሠመረው ሰዎች በሚያርሱበትና በሚኖሩበት መሬት ላይ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያም የወጣው በ2017 ነው። የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ውስጥ ተነሥተው ወደ ደባርቅ የሄዱት ከዚህ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በዚያ መንግሥት አውሬውን ለመጠበቅ ሰውን ማስወጣት ነበረበት። በጓሳ ግን የሚጠብቀው ያው የሚያጭደው ሰው ስለ ሆነ፥ አስቀድሞም በውስጡ የሚኖር ሰው ስላልነበረ፥ ማንንም ማንሣት አላስፈለገም። ሁለቱን ቦታ በአንድ ሚዛን መመዘን አይቻልም ይሆናል፤ ለማወዳደር የሚያስችለን ያህል ግን ይመሳሰላሉ።

አሁን ወደ ላስቲኩና ወደ ቆርቆሮው እንመለስ። ጓሳን ያዳነው የሣሩ ተፈላጊነት ከሆነ፥ ቤት ሁሉ ቆርቆሮ በለበሰ ጊዜ ማን ይጠብቀዋል? አንዳንዶች የጎብኚው ገንዘብ ይተካዋል ይላሉ። እኔ በዚህ ብዙ እምነት የለኝም፤ ጎብኚ ሰላም በጠፋ ጊዜ ይቀራል፤ ሣር ግን በክፉ ቀንም ይበላል። ከብቱ ለዛሬም በድርቅ ጊዜ ጓሳን ይፈልጋል፤ ከታች ያሉት መንደሮችም ምንጫቸው ከዚያ ነው። ተስፋ የሚደረግ ከሆነ በዚህ ላይ ነው።

ሌላው አዲስ ነገር ውሻ ነው። ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ የሚተላለፈው የእብደት በሽታ ምን እንደሚያደርግ በባሌ ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በአንድ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ ያህሉ በዚሁ በሽታ አልቀዋል። የጓሳ ቀበሮ ደግሞ ቍጥሩ ትንሽ ስለ ሆነ እንዲህ ያለ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ቢመጣበት የሚተካ የለውም። የቀድሞዎቹ አባ ቄራዎች ስለ ማጭድ፥ ስለ መጥረቢያና ስለ ከብት ሕግ ሠርተዋል፤ ስለ ውሻ ያስቀሩልን ደንብ የለም፤ ያን ጊዜ አላስፈለገም። ዛሬ ጓሳው ተከፍቶ ከብቱ ሲገባ እረኛው ከኋላ ይከተላል፥ ውሻውም ከእረኛው ኋላ ይከተላል። ክትባት ለማስወጋት ውሻውን በገመድ ይዞ መምጣት ያለበት ያው የሣሩ ባለ መብት አባወራ ነው፤ ገመዱም በብዙ ቤት እስከ ዛሬ ከጓሳ የተገመደ ነው።